ቁርኝት ቀድሞ፣ ሰበቃ ተከትሎ

በ1773 በማርችና በኤፕሪል ወራት አንድ የፈረንሳይ ጦር መሐንዲስ በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ፊት ቀርቦ ረዘም ያለ ጥናት አነበበ። ሻርል ኦጉስታን ኩሎም ይባላል፤ ዕድሜው 36 ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1764 ጀምሮ በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በማርቲኒክ ደሴት ምሽግ ሲያሠራ ቆይቶ፣ በተደጋጋሚ ሕመም ተጎሳቁሎ፣ አገሩ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ዛሬ ስሙ የሚነሳው በኤሌክትሪክ ሕጉ ቢሆንም ያ ሕግ የመጣው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የያዘው ጉዳይ ድንጋይ፣ ጡብ፣ ቅስትና አፈር ነበር። ራሱ በመግቢያው እንዳስረዳው ጥናቱን በመጀመሪያ ያሰናዳው ለገዛ ሥራው ነው። ምሽግ የሚያሠራ ሰው ዓምዱ በምን ያህል ክብደት እንደሚሰበር፣ ከግንቡ ጀርባ የተደለደለው አፈር በምን ያህል ኃይል እንደሚገፋ ሳያውቅ መሠረት ማስቆፈር አይችልም።

ጥናቱ በ1776 ታተመ። በውስጡ ያለው አንድ ሐሳብ ዛሬ በኮምፒውተር ውስጥ እጅግ ብዙ ቅንጣቶች ሲጋጩ፣ ሲጣበቁና ሲላቀቁ በሚሰላበት ዘዴ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይገኛል። እዚህ የምከተለው የዚያን ሐሳብ ጉዞ ነው፤ በተለይም በውስጡ ያለችው አንዲት የመደመር ምልክት ከ200 ዓመት በላይ እንዴት እንደተነበበች።

ሐሳቡ ይህ ነው። አንድ ጠጣር አካል በአንድ ገጽ ላይ ተሸርቶ እንዳይሰበር የሚከላከሉለት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቁርኝት ነው፤ መሐንዲሶች ኮሂዥን የሚሉት፣ ቅንጣትን ከቅንጣት አጣብቆ የሚይዘው። ልኩን የሚወስነው የሚሰበረው ገጽ ስፋት ነው፤ ከላይ የሚጫነው ክብደት አይጨምርለትም፣ አይቀንስበትም። ሁለተኛው ሰበቃ ነው፤ እሱ ደግሞ በተቃራኒው የገጹን ስፋት ከቁም ነገር ሳይቆጥር ከሚጫነው ክብደት ጋር አብሮ ያድጋል። አውድማ ላይ የፈሰሰ ጤፍ ክምር ሆኖ የሚቆመው በሰበቃ ብቻ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ግን ቁርኝትም ስላለው ነው። ኩሎም የመሰበሪያው ልክ የሁለቱ ድምር ነው አለ።

ይህን በወረቀት ላይ ብቻ አላለም። የቦርዶን ነጭ ድንጋይ በሁለት መንገድ ሰበረ፦ አንዴ ጎትቶ፣ አንዴ ሸርቶ። ሁለቱ ውጤቶች በጣም ተቀራረቡ፤ ሽርተቱ በጥቂቱ ቢበልጥም በስሌቱ ውስጥ እኩል አድርጎ ወሰዳቸው። አዲስ የተደለደለ አፈርን በሚመለከት ደግሞ ቁርኝቱን ከሒሳብ አወጣው፤ ገና የተገለበጠ አፈር እርስ በርሱ አልተያያዘምና ግንቡን የሚያሳስበው ሰበቃው ብቻ ነው።

ሰበቃን በሚመለከት የጀመረው ከባዶ አይደለም። ጊዮም አሞንቶን የተባለ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው የማይሰማ የመሣሪያ ሠሪ፣ በዚያው አካዳሚ በ1699 ሁለት ነገሮችን አስታውቆ ነበር፤ ሰበቃ ከሚጫነው ክብደት ጋር በተመጣጠነ ልክ ያድጋል፣ በሚነካካው ገጽ ስፋት ግን አይለወጥም። ሁለተኛው ነገር አባላቱን ስላጠራጠራቸው ፊሊፕ ዴ ላ ኢር ሙከራውን ደግሞ አየው፤ እውነት ሆኖ ተገኘ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከአሞንቶን 200 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ይህንኑ በማስታወሻው ጽፎት ነበር፤ ማስታወሻው ስላልታተመ ግን ማንም አልተጠቀመበትም። ኩሎም ራሱም ወደ ሰበቃ ተመልሶ ከ1779 ጀምሮ በሮሽፎር የመርከብ ማደሻ በእንጨት፣ በብረትና በገመድ ላይ ሰፊ ሙከራ አካሄደ፤ በ1781 የአካዳሚውን ሽልማት ያሸነፈው በዚህ ነው።

አሁን ወደ መደመር ምልክቷ። ለኩሎም ጥያቄ ድምሩ በቂ ነበር። የሚፈልገው ግንቡ የሚወድቅባትን አንዲት ቅጽበት ነው፤ ከእሷ በፊትና በኋላ በድንጋዩ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ የጥናቱ ጉዳይ አልነበረም። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ድምሩን የቁሱ ባሕርይ አድርገው ወሰዱት። አሌክሳንደር ኮሊን በ1846 የሸክላ አፈር መንሸራተትን በሙከራ ሲያጠና፣ ኦቶ ሞር በ1900 የመሰበር ሁኔታን በክቦች ሥዕል ሲያሳይ፣ መማሪያ መጻሕፍትም ይህን ሁሉ አጠቃልለው ሲያስተምሩ፣ ቁርኝትና ሰበቃ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ሸክም የሚካፈሉ ሁለት ቋሚ ቁጥሮች ሆኑ። እኔ መዝገቡን ሳነብ ስህተቱን ኩሎም ላይ አላይም፤ የአንድን ቅጽበት ሒሳብ ለዕድሜ ልክ ባደረጉት ላይ ነው የማየው።

ድምሩ ቋሚ መሆኑን የሚያጠራጥር የመጀመሪያ ጠንካራ ማስረጃ የመጣው ከሸክላ አፈር ነው። በ1960 በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ፣ ስለ ሸክላ አፈር ጥንካሬ በተካሄደ የምርምር ጉባኤ ላይ ሽመርትማንና ኦስተርበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አቀረቡ። በአንድ ናሙና ውስጥ ቁርኝቱንና ሰበቃውን ለያይተው፣ አፈሩ ሲጨመቅ እያንዳንዱ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚያድግ ተከታተሉ። ቁርኝቱ ገና በጥቂት የቅርጽ ለውጥ ከጫፉ ደረሰ። ሰበቃው ሙሉ ልኩ ላይ ለመድረስ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ለውጥ አስፈለገው። ሁለቱ በአንድ ሰዓት አይሠሩም ማለት ነው። ግኝቱ ግን በአፈር ባለሙያዎች ክበብ ውስጥ ቀረ፤ የድንጋይ ሰዎች ወደ እሱ የደረሱት ከ30 ዓመት በላይ ዘግይተው፣ በሌላ መንገድ ነው።

በዚህ መካከል የቅንጣትን ንክኪ የሚመለከት ሌላ ታሪክ ይሮጥ ነበር። ሃይንሪሽ ሄርትዝ በ1880 የገና ዕረፍት ላይ፣ በ23 ዓመቱ፣ ሁለት ጥምዝ መስታወቶች ሲጫኑ ንክኪያቸው ምን ያህል እንደሚሰፋ አሰላ፤ በጃንዋሪ 1881 በርሊን ለሚገኘው የፊዚክስ ማኅበር አቀረበው። በእሱ ስሌት ሁለት ኳሶች ሲጫኑ ኃይሉ ከመጠጋጋታቸው ጋር በቀጥታ አያድግም፤ ንክኪው እየሰፋ ስለሚሄድ ከዚያ ይፈጥናል። ሄርትዝ ግን ሁለቱ ገጾች እርስ በርስ እንደማይሳሳቡ ቆጥሮ ነው የሠራው። ለመስታወትና ለብረት ይህ ብዙም አልጎዳውም።

ኬኔዝ ጆንሰን የተባለ መሐንዲስ በ1958 መጣበቅን ወደ ሄርትዝ ስሌት ለማስገባት ሞክሮ ነበር። ሒሳቡን ሲጨርስ በንክኪው ጠርዝ ላይ የመጎተት ጫናው ወሰን የሌለው ሆነበት። እንዲህ ያለ ጫና የሚችል ቁስ የለም፤ ስለዚህ ጠርዙ ወዲያው ይላቀቃል፣ ተጭነው የተለቀቁ ጠጣር ኳሶችም ተጣብቀው ሊቀሩ አይችሉም ብሎ ደመደመ። ከ10 ዓመት በላይ አለፈ። ከዚያም ጆንሰን በሚሠራበት በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የዴቪድ ታቦር ተማሪዎች የነበሩት አላን ሮበርትስና ኬቨን ኬንዳል የጆንሰንን መደምደሚያ የሚያፈርስ ነገር አዩ። ሮበርትስ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ላስቲክን ሲያጠና፣ ጫናው ትንሽ ሲሆን ንክኪው ሄርትዝ ከሚፈቅደው በግልጽ ይሰፋ ነበር፤ ጫናው ጨርሶ ሲነሳም ንክኪው አይጠፋም።

መፍትሔው የተገኘው ጥያቄው ሲለወጥ ነው። ግሪፊዝ የተባለ ተመራማሪ በ1921 በመስታወት ስንጥቅ ላይ እንዳደረገው፣ በጠርዙ ላይ ያለውን ጫና ትተው ጉልበቱን መዘኑ፤ ንክኪው ትንሽ ሲሰፋ ከገጾቹ መገናኘት የሚገኘው ጉልበት ኳሱን ለማጎበጥ ከሚጠፋው ጋር እኩል የሚሆነው የት ነው? የጠርዙ ወሰን አልባ ጫና እንቅፋትነቱ ቀረ፤ በስንጥቅ ጫፍ ላይ ያለው ጫና ማለት ነውና። የ1971ዱ የሦስቱ ጥናት በስማቸው መነሻ ፊደላት ጄ ኬ አር ተብሎ ይጠራል። ጥናቱ እንደሚለው አንድን ኳስ ከጠፍጣፋ ገጽ ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ኃይል የሚወሰነው በኳሱ መጠንና በገጹ ጉልበት ነው፤ ኳሱ ለስላሳ ይሁን ጠንካራ ለውጥ አያመጣም። በ1975 ሞስኮ ላይ ዴርያጊን፣ ሙለርና ቶፖሮቭ ሌላ መልስ አቀረቡ፤ የማላቀቂያው ኃይል ማባዣ እነ ጆንሰን ካሉት 1.5 ይልቅ 2 ነው አሉ። ክርክሩ ጠንከር ያለ ነበር። ታቦር በ1977 ሁለቱንም በየቦታቸው አስቀመጣቸው፤ ለትልቅና ለስላሳ ኳስ የካምብሪጁ፣ ለትንሽና ለጠንካራ የሞስኮው።

በድንጋይና በአፈር ላይ ለሚሠራ ሰው በዚህ መጣበቅ ውስጥ አንድ ወሳኝ ነገር አለ። ሁለቱ ኳሶች ተላቅቀው እንደገና ቢነካኩ እንደገና ይጣበቃሉ። ያለፈውን አያስታውሱም። ዱቄት እንዲህ ነው። የተሰበረ ድንጋይ ግን መልሰው ቢገጥሙት ድንጋይ አይሆንም።

የቅንጣት ሲሙሌሽን የሚባለው ዘዴ የተወለደውም በዚያው በ1971 ነው። ፒተር ከንዶል በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የዶክትሬት ጥናቱን ያጠናቀቀው በድንጋይ ተዳፋት ላይ ነበር። ያጋጠመው ችግር ተጨባጭ ነው፤ ተራራ የሚወርደው ብሎክ በብሎክ ሆኖ ተሰነጣጥቆ ሲሆን፣ የዘመኑ ስሌት ግን ተራራውን እንደ አንድ ያልተቆራረጠ ቁስ ነበር የሚያየው። በዚያ ዓመት በፈረንሳይ ናንሲ ከተማ በተካሄደ የድንጋይ መካኒክስ ጉባኤ ላይ እያንዳንዱን ብሎክ ለብቻው የሚያንቀሳቅስ የኮምፒውተር ሞዴል አቀረበ። በኋላ ወደ አሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ከኦቶ ስትራክ ጋር ሐሳቡን ከብሎክ ወደ ክብ ዲስክ አወረዱት። በ1979 ጂኦቴክኒክ በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናታቸው የዚህ መስክ የመሠረት ድንጋይ ነው።

ዘዴው ሲታይ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን ብዙ ታስቦበት የመጣ ነው። ጊዜ ወደ በጣም ትናንሽ እርምጃዎች ይከፈላል። በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ሥራ ብቻ ይሠራል። በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ንክኪ ላይ ዲስኮቹ ምን ያህል እንደተደራረቡ ታይቶ ኃይሉ ይሰላል፤ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ያረፉት ኃይሎች ተደምረው በኒውተን ሕግ ዲስኩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ እንደገና ኃይል፣ እንደገና እንቅስቃሴ። እርምጃው ትንሽ መሆን ያለበት በአንድ እርምጃ የአንድ ዲስክ መናወጥ ከቅርብ ጎረቤቶቹ አልፎ እንዳይደርስ ነው። ይህ ከተጠበቀ በሺህ የሚቆጠሩ ቅንጣቶችን በአንድ ላይ የሚያስተሳስር ግዙፍ እኩልታ መፍታት አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ዲስክ ከሚነካቸው ጋር ብቻ ይነጋገራል። የዘመኑ ኮምፒውተር ማስታወሻው እጅግ ጠባብ በነበረበት ወቅት ሥራው እንዲቻል ያደረገው ይህ ነው።

በዚያ ጥናት ውስጥ፣ ሽርተት በሚሰላበት ቦታ ላይ፣ ኩሎም በስሙ ተጠርቶ ይገኛል። በሁለት ዲስኮች መካከል የሚኖረው የሽርተት ኃይል ከፍተኛው ልክ የሚጫነው ኃይል በሰበቃ ማዕዘን ታንጀንት ተባዝቶ፣ በላዩ ላይ ቁርኝት ሲደመርበት ነው። ሁለቱ ዲስኮች የተለያየ ሰበቃና ቁርኝት ቢኖራቸው ያነሰው ይወሰዳል። ከ206 ዓመት በኋላ ያው ድምር፣ ያችው የመደመር ምልክት፤ አሁን ግን ለግንብ ሙሉ ገጽ ሳይሆን ለአንዲት የቅንጣት ንክኪ።

ሁለት ነገሮች በጸጥታ ተለውጠው ነበር፤ እነዚህ በበቂ የተነገረላቸው አይመስለኝም። አንደኛው፣ በከንዶልና በስትራክ ሞዴል ሰበቃ በአንዴ ሙሉ ሆኖ አይመጣም። በንክኪው ላይ ጎን ለጎን የሚሠራ ምናባዊ ሞላ አለ፤ ዲስኮቹ እርስ በርስ ሲንሸራተቱ ሞላው በጥቂት በጥቂቱ ይወጠራል፤ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ብቻ መንሸራተት ይጀምራል። ሰበቃ በእንቅስቃሴ የሚገኝ ነገር ሆነ ማለት ነው፤ ቦልደር ላይ የተነገረውም ይኸው ነበር። ሁለተኛው፣ ቁርኝቱ ግማሽ ብቻ ነበር። ሽርተትን ያግዛል፤ ዲስኮቹ ሲራራቁ ግን ንክኪው ይጠፋል፣ የሚይዛቸውም አይኖርም። እነዚያ ዲስኮች መጎተትን አያውቁም ነበር። ውጤታቸውን ያመሳከሩትም በ1969 ዴ ዮሴሊን ዴ ዮንግና ፈርራይት ካሳተሙት የፎቶ ሙከራ ጋር ነው፤ እዚያ ያሉት ጫና ሲያርፍባቸው በልዩ ብርሃን መስመር የሚያወጡ ግልጽ ዲስኮች ያልተጣበቁ ነበሩ። ስለዚህ የ1979ኙ ሞዴል ዓለም የአሸዋ ዓለም ነበር።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። በእንግሊዝ በርሚንግሃም፣ አስተን ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሊን ቶርንተን የጄ ኬ አርን መጣበቅ ወደ ሲሙሌሽኑ አስገባ፤ የ1991 ጥናቱ ኳሶች ተጋጭተው መቼ እንደሚነጥሩ፣ መቼ ተጣብቀው እንደሚቀሩ ያሳያል። የዱቄትና የመድኃኒት ፋብሪካ ሰዎች የሚከተሉት ይህን መንገድ ነው። የድንጋይ ሰዎች ግን አንዴ ከተሰበረ የማይመለስ ማያያዣ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ይህን አጥብቆ የጠየቀውም በካናዳ ምድር ውስጥ የተቆፈረ አንድ ዋሻ ነው።

በማኒቶባ ክፍለ ሀገር፣ ፒናዋ ከተባለች ከተማ አቅራቢያ፣ የካናዳ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት የኑክሌር ዝቃጭ በጥልቅ ድንጋይ ውስጥ ሊቀበር ይችል እንደሆነ ለማጥናት የምድር ውስጥ ላቦራቶሪ ሠርቶ ነበር። ድንጋዩ ላክ ዱ ቦኔ የሚባል ግራናይት ነው፤ በዚያ ጥልቀት ስንጥቅ የማይገኝበት ጽኑ ድንጋይ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ 420 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ 3.5 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ዋሻ ተቆፈረ። ድንጋዩ በፍንዳታ እንዳይጎዳ ባሩድ አልነካውም፤ ዙሪያውን በተደጋገሙ ጉድጓዶች ቦርቡረው በማሽን ነው የሰበሩት። ዓላማው ንጹሕ ጥያቄ መጠየቅ ነበር፦ ቆፋሪው ካልጎዳው ድንጋዩ በራሱ ምን ይሆናል?

ስሌቱ ግልጽ ነበር። የመሬቱ ትልቁ ጫና 60 ሜጋፓስካል ያህል፣ ትንሹ 11 ያህል ነው፤ በክብ ዋሻ ጣሪያና ወለል ላይ የሚከማቸው ከፍተኛ ጫናም 169 ገደማ ይሆናል። ድንጋዩ በላቦራቶሪ ሲጨመቅ የሚሰበረው በ200 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። ስለዚህ ዋሻው ሳይነካ መቆም ነበረበት። አልቆመም። ቁፋሮው ወደፊት በገፋ ቁጥር ጣሪያውና ወለሉ በቀጫጭን ሽፋኖች እየተላጠ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ ከላይም ከታችም ሹል ቦይ ተፈጠረ፣ ከዚያም መላጡ ቆመ። ኩሎምን እንደ ቋሚ ድምር ይዘው የሠሩት ሞዴሎች የዚያን ቦይ ቅርጽም ጥልቀትም ሊያወጡት አልቻሉም።

ምክንያቱን ዴሪክ ማርቲንና ቻንድለር በ1994 ባሳተሙት ጥናት ላይ ናሙናውን በመጭመቅና በመልቀቅ ደጋግመው ፈለጉት። የግራናይት ናሙናን ትንሽ ይጎዱታል፣ ይለቁታል፣ እንደገና ይጎዱታል፤ በየዙሩ የቀረውን ቁርኝትና የተገኘውን ሰበቃ ይቆጥራሉ። ያገኙት ከሸክላው ጋር የሚገጥም ነው፤ ስንጥቅ መፈጠር ሲጀምር ቁርኝቱ በፍጥነት ይወድቃል፣ ሰበቃው ከከፍተኛ ልኩ የሚደርሰው ደግሞ አብዛኛው ቁርኝት ከሄደ በኋላ ነው። ተሰንጥቆ ያልተለያየ ድንጋይ ውስጥ የሚፋተግ ገጽ የለምና ነገሩ ሲያስቡት ግልጽ ይሆናል፤ ሰበቃ የሚሠራበትን ገጽ የሚፈጥርለት የቁርኝት መሰበር ነው። በዋሻው ግድግዳ ላይ ደግሞ ድንጋዩን ወደ ውስጥ የሚደግፍ ምንም ስለሌለ ሰበቃው እስኪደርስ ሽፋኑ ተልጦ ይወድቃል። ሃጂአብዶልማጂድ፣ ካይዘርና ማርቲን በ2002 ይህን ቅደም ተከተል በስሌት ውስጥ አስገብተው ቁርኝት እየደከመ ሰበቃ እየጠነከረ የሚሄድበት ሞዴል ሲሠሩ ሹሉ ቦይ ወጣ።

እነሱ ቅደም ተከተሉን በእጃቸው ጽፈው ነው ያስገቡት። ሳይጻፍ በራሱ እንዲመጣ ያደረጉት ዴቪድ ፖትዮንዲና ከንዶል ናቸው። ሁለቱ በሚኒያፖሊስ ኢታስካ በተባለው ድርጅት ሆነው በ2004 ያሳተሙት ጥናት የተጣበቁ ቅንጣቶች ሞዴል ተብሎ ይታወቃል። ድንጋዩን ክብ ቅንጣቶች አድርገው፣ በየንክኪው ላይ ሲሚንቶ የመሰለ ማያያዣ አኖሩ። ማያያዣው ስፋት አለው፤ ስለዚህ መጎተትንና ሽርተትን ብቻ ሳይሆን ቅንጣቶቹ ለመሽከርከር ሲሞክሩ የሚመጣውን መጉበጥም ይቋቋማል። ጫናው የሚሰላበት ቀመር ማንኛውም መሐንዲስ ለአግዳሚ ምሰሶ የሚጠቀምበት ነው፦ ኃይሉ ለስፋቱ ተካፍሎ፣ ጉብጠቱ የሚያመጣው ተጨምሮ። የመጎተቱ ወይም የሽርተቱ ጫና ከተሰጠው ጥንካሬ ሲያልፍ ማያያዣው ይሰበራል፤ ኃይሉ፣ ጉብጠቱና ግትርነቱ ሁሉ አብሮት ይወገዳል። ንክኪው ግን ይቀራል። ከዚያ በኋላ በእነዚያ ሁለት ቅንጣቶች መካከል የሚሠራው የ1979ኙ ሰበቃ ብቻ ነው።

ይህን አወቃቀር በጥሞና ላየው ሰው የመደመር ምልክቷ የለችም። ማያያዣው እስካለ ቁርኝት ይሸከማል፤ ሲሄድ ሰበቃ ይረከባል። ያንን ቅደም ተከተል ማንም አላዘዘም፤ ከአንድ ንክኪ ወደ ሌላው፣ ከአንድ ጥቃቅን ስንጥቅ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ናሙናው ሙሉ በሙሉ የሚሰበርበትን ኩርባ ይሠራል። ደራሲዎቹ ሌላም ነገር አወጡ። በዚህ ሞዴል የቅንጣቱ መጠን እንደፈለጉ የሚመርጡት የስሌት ጥራት ጉዳይ አይደለም። ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙ ከቅንጣቱ ራዲየስ ካሬ ሥር ጋር ያድጋልና፣ ቅንጣቱን የሚያሳንስ ሰው ድንጋዩን ራሱን ይለውጣል። የግሪፊዝ ስንጥቅ እዚህም ደረሰ።

ጉድለቱም ወዲያው ታየ፤ የጥናቱ ደራሲዎች ራሳቸው አልሸሸጉትም። ላክ ዱ ቦኔ ግራናይት ሲጨመቅ 200 ሜጋፓስካል ያህል ሲችል ሲጎተት የሚችለው 9 ያህል ብቻ ነው፤ ከ20 እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። ሞዴሉ በመጨመቅ እንዲገጥም ከተደረገ በመጎተት ከእውነተኛው ድንጋይ ብዙ እጥፍ ይጠነክራል። የሰበቃ ማዕዘኑም ከግራናይቱ እጅግ ያንሳል፤ በንክኪው ላይ የፈለጉትን ያህል ከፍተኛ ሰበቃ ቢጽፉ ለውጡ ትንሽ ነው። ምክንያቱ የቅንጣቱ ክብነት ነው። ማያያዣው ሲሰበር ክብ ቅንጣት በጎረቤቱ ላይ ይንከባለላል፤ የሚንከባለል ነገር ሰበቃውን አይጠቀምበትም። እውነተኛ የግራናይት ፍሬዎች ማዕዘን አላቸው፣ እርስ በርስ የተጠላለፉ ናቸው፣ ቢላቀቁም ለመዞር ቦታ አያገኙም።

ስለዚህ ከ2004 በኋላ የተሠራው ሥራ ብዙው ስለ ማያያዣው ሳይሆን ስለ ስብራት ማግስት ነው። ቾ፣ ማርቲንና ሴጎ በ2007 ክብ ቅንጣቶችን በቡድን አጣምረው ወጣ ገባ ቅርጽ ያላቸው ፍሬዎች አደረጓቸው፤ የመጨመቂያና የመጎተቻ ጥንካሬ ልዩነቱ ወደ እውነተኛው ተጠጋ። ፖትዮንዲ በ2012 ንክኪው ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ጠፍጣፋ ገጽ እንዲሆን አደረገ፤ ገጹ በከፊል ሊሰበር ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ከተሰበረም በኋላ ቅንጣቱ እንዳይንከባለል ይቋቋማል። ሾልቴና ዶንዜ በ2013 ሌላ መንገድ ያዙ፤ ቅንጣቱ ከሚነኩት ጎረቤቶቹ አልፎ በጥቂት ርቀት ካሉትም ጋር እንዲያያዝ አድርገው የመጠላለፉን ልክ ከፍና ዝቅ አደረጉት። በኤድንበራም ብራውን፣ ቼንና ኡይ በ2014 ማያያዣውን እንደ አጭርና ወፍራም ምሰሶ ቆጥረው ለኮንክሪት ሠሩበት።

የማኒቶባው ዋሻ ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ቆይቷል። የ2004ቱ ሞዴል ሹሉን ቦይ ያወጣው የማያያዣዎቹ ጥንካሬ ላቦራቶሪው ከሰጠው በታች ዝቅ ሲደረግ ነበር። የዚህ አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው። የላቦራቶሪ ናሙና የሚሰበረው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ የዋሻ ግድግዳ ግን ያንኑ ጫና ለወራትና ለዓመታት ይሸከማል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እርጥበት የስንጥቆችን ጫፍ ይበላል። ፖትዮንዲ በ2007 ይህን በሞዴሉ ውስጥ አስገባ፤ ማያያዣው የመጎተት ጫና ሲያርፍበት ስፋቱ ቀስ በቀስ እየተበላ ይሄዳል፣ ጫናው በጨመረ ቁጥር የሚበላበት ፍጥነት ያሻቅባል፣ ከመሰበሪያው ልክ እጅግ በታች የሆነ ጫናም በቂ ጊዜ ካገኘ ይሰብረዋል። ለኑክሌር ዝቃጭ መቀበሪያ የሚታሰበው ዘመን በብዙ ሺህ ዓመታት የሚቆጠር ስለሆነ፣ ቁርኝት እስከ መቼ እንደሚቆይና ሰበቃ መቼ እንደሚረከበው ማስላት አሁንም የእነዚህ ሞዴሎች ዋና ሥራ ነው።